የሲብ ጀልባ ከበሮ የሆነችበት ሳምንት

ሥራውን የጀመርኩት ስፒከር ተሸክሜ ደረጃ በመውጣት ነው። ቦታው ኦማን፣ አዛይባ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የጎማ ሱቅ በላይ ያለ ፎቅ ነበር። ኻሊድ የሚባል ወጣት ኦማናዊ የከፈተው ስቱዲዮ ነው፤ ለሆቴል ዲጄዎች፣ ለሠርግና ለማስታወቂያ ሙዚቃ ይሠራል። እኔ የተቀጠርኩት ሾፌርና ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ነው። በማዕረግ ከእኔ በታች የነበረችው የደረጃው ድመት ብቻ ናት።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛውን ስፒከር ይዤ ስገባ የውስጠኛው ክፍል በር ክፍት ነበር። አንድ የከበሮ ምት ይዞራል። ያልቃል፣ ይጀምራል፣ ያልቃል፣ ይጀምራል። ስፒከሩን አስቀምጬ ቆምኩ።

«ይሄ ከበሮ ያነክሳል» አልኩ።

ኻሊድ ወንበሩን አዞረ። «ማን ነው የሚያነክሰው?»

«ከበሮው። ዙሩ ሲያልቅ አንድ እግሩን ይጎትታል።»

«አንተ ሾፌር ነህ ወይስ ሐኪም?»

«ዛሬ ሾፌር ነኝ» አልኩት።

ሳቀ፤ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ የድምፁን ሞገድ አጉልቶ አየው። መጨረሻው ላይ በፀጉር ያህል ዘግይቶ ተቆርጧል። አስተካከለው፤ ማነከሱ ቀረ። «ማን አስተማረህ?» አለኝ። ማንም አላስተማረኝም። እስከ ዛሬም ማንም አላስተማረኝም።

ሙያውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ብሬክ ማለት ዘፋኙም ሌላው መሣሪያም ዝም ብሎ ከበሮ ብቻውን የሚጫወትባት አጭር ቦታ ናት። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪዎች ያቺን ቆርጠው ያዞሯታል፤ ከዚያ ሙሉ ዘፈን በላይዋ ይገነባሉ። አብዛኛው ሰው የተቆረጠውን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ስለዚህ የዓለም ዲጄ ሁሉ አንድ ዓይነት ከበሮ ነው የሚያጫውተው። እኔ ግን ራሴ እመታለሁ፣ ራሴ እቀዳለሁ፣ ራሴ እቆርጣለሁ።

ኮምፒውተሩን የተማርኩት ከኻሊድ ጀርባ ቆሜ ነው። ሻይ አቀብላለሁ፣ አያለሁ። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል እኔ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ነቅቶ ደረሰብኝ። ጀሪካን በመዳፌ መትቼ፣ የመኪናዬን በር ዘግቼ፣ የሩዝ ጆንያ መሬት ላይ ጥዬ የቀዳኋቸውን ድምፆች ደራርቤ አንድ ዙር ሠርቼ ነበር። ከሶፋው ሳይነሳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው።

«ይሄን ከየት አወረድከው?»

«ከታች፣ ከፓርኪንጉ።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ስፒከር የሚሸከም ሌላ ሰው ተቀጠረ። እኔ ድምፅ ቆራጭ ሆንኩ። ማዕረጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ኻሊድ አልተቃወመም። የመኪናውን ቁልፍ ግን አልተቀበለኝም። «መንዳቱንም ከአንተ የተሻለ የሚችል የለም» አለኝ። እውነቱን ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ማይኩን ከሚመታው ነገር አንድ ስንዝር አርቃለሁ፤ በጣም ከቀረበ ይታፈናል፣ ከራቀ ግድግዳውን ይሰማል። ወፍራሙንና ቀጭኑን ለየብቻ እቀዳለሁ። ስቆርጥ ሞገዱ የመሃሉን መስመር በሚነካበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ውጭ ከተቆረጠ በየዙሩ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። የበለጠ ወፍራም ስፈልግ የቀዳሁትን አዘገየዋለሁ፤ ድምፅ ሲዘገይ ይወፍራል። ከዚያ ሁሉንም በአሮጌ ካሴት ላይ ገልብጬ እመልሰዋለሁ፤ ካሴቱ ትንሽ አቧራ ያለብሰዋል። ኮምፒውተሩ ምቶቹን ሁሉ በመስመር ላሰልፋቸው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አይሆንም እለዋለሁ። እጅ የሚቸኩልበትና የሚዘገይበት ቦታ አለው። ያንን ያጠፋ ሰው ብሬኩን ገደለው።

ስለዚያ ክፍል ሳስብ ዓመታቱም እየዞሩ ይመጡብኛል። ውጭ ፀሐዩ መንገዱን አንጥቶታል፤ ሰው የለም፤ ማዶ ያለው ባሕር በሙቀት ይንቀጠቀጣል። ውስጥ ኤሲው በአንድ ድምፅ ያንጎራጉራል። አንድ ብሬክ ከፍቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ረጅም ጊዜ ሲዞር ከበሮነቱ ይቀራል። መጀመሪያ ውሃ ይሆናል፤ ከዚያ ብዙ ሰው የሚወርድበት ደረጃ፤ ከዚያ ደሴ ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ ዝናብ። ዓይኔን ስገልጥ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ብሬኩ እዚያው ነው፤ ቀኑ ግን ወደ አሥር ሰዓት ተጠግቷል። የተኛሁ አይመስለኝም። ኻሊድ ግን «ታንኮራፋለህ፤ እሱም በምቱ ነው» ይለኛል።

ትርንጎን ወደ ስቱዲዮው ያመጣኋት እኔ ነኝ። አዛይባ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ የጎጃም ልጅ ነበረች። በአገራችን ሰዎች ሠርግ ላይ ስትዘፍን ሰምቻታለሁ። ዘፈኑ የሌላ ሰው ነበር፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ገና ዛሬ የተፈጠረ ይመስላል። ዓርብ ዓርብ እሷንና ጓደኞቿን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ማዳሟ ልጆቿ ስላደጉ ሠራተኛ አያስፈልገኝም ብላ የአገር ቤት ትኬት ቆርጣላታለች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ የራሴ ዘፈን አለኝ» አለችኝ አንድ ቀን መኪና ውስጥ።

«የራስሽ ማለት?»

«ልብስ ስተኩስ ያወጣሁት።»

ዘፈነችልኝ። ትቷት የሄደ ወንድ አለ፤ እሷ በመሄዱ አታለቅስም፣ በአካሄዱ ትስቃለች። መኪናውን ጥግ አስይዤ ቆምኩ።

«ሳልሄድ ቅዳልኝ» አለች። «የሰው ዘፈን እየዘፈንኩ መጥቼ የሰው ዘፈን እየዘፈንኩ ልመለስ?»

ዕረፍቷ ዓርብ ብቻ ነው። በረራዋ ቅዳሜ ሆኖ ከዚያ በፊት የቀሯት ሁለት ዓርቦች ነበሩ።

በስልኬ የቀዳሁትን ለኻሊድ አሰማሁት። ቃሉን አይሰማም፤ ድምፅዋን ግን ወደደው። «ለዲጄዎቹ ዳንስ እናደርገዋለን፤ እሷም ትወስደዋለች» አለ። ከዚያ ከኢንተርኔት ያወረዳቸውን ብሬኮች ከሥሩ እያስገባ ሞከረ። አንዱም አልሆነም። የትርንጎ ዘፈን ችክችካ ነው፤ በስድስት ይቆጠራል። የሱ ብሬኮች በአራት ይቆጠራሉ። የአንዱን ሰው ጫማ ለሌላው እንደማጥለቅ ሆነ።

«ዓርብ ሴቶቹን የምታደርስበት ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ከበሮ አለ አይደል?» አለኝ ኻሊድ። «በዚያ ሳልፍ ሰምቼዋለሁ። ደረቴ ውስጥ ነው የገባው። እሱን ቅዳልኝ።»

በመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት አደረስኳቸው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የጁምዓ ሰላት እስኪደርስ ጊዜ ነበረኝ። ከአጥሩ ውጭ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ መቅጃዬን በመስኮቱ አወጣሁ። ቅዳሴው አልቆ መዝሙሩ ሲጀመር ከበሮው መጣ። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው፤ በእንቅልፍ ልቡ የሚራመድ ሰው ይመስላል። ወፍራሙ አፍ ይጠራል፣ ቀጭኑ አፍ ይመልሳል። ከዚያ ጭብጨባው ገባ፤ እልልታው በላዩ አለፈ። የመኪናው መስታወት በስሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነጩ አጥር፣ ነጩ ሰማይ፣ ነጩ መንገድ ሁሉም አንድ ላይ የሚተነፍሱ መሰለኝ።

ከሰላት መልስ ስቱዲዮ ገብቼ ቆረጥኩት። ጭብጨባ የሌለበትን ቦታ መረጥኩ፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አጋጠምኩ፤ አዞርኩት። ስፌቱ አይታወቅም። በሕይወቴ ከቆረጥኳቸው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ይህን ዛሬም አልክድም።

ከሰዓት ትርንጎ መጣች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጌ ብሬኩን ከፈትኩላት። እጇ ጉልበቷ ላይ ተነሳ። ምቱ ሳይመጣ ትቀድመዋለች። እኔና ኻሊድ ተያየን፤ ይህች ልጅ ሙዚቃ ታውቃለች ብለን። ከዚያ እጇ ቆመ። ማዳመጫውን አወለቀች።

«ይሄን የመታሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ዛሬ ጠዋት። ከበሮው ተራዬ ነበር። እጄን አላውቀውም እንዴ?»

ኻሊድ ምን አለች አለኝ። ነገርኩት። «ማሻአላህ!» ብሎ ብድግ አለ። «እንግዲያው ጭራሽ የራሷ ሆነ! ድምፁም የሷ፣ ከበሮውም የሷ!»

«ጠዋት ለእግዚአብሔር የመታሁትን ከሰዓት ለወንድ አልዘፍንበትም በለው» አለች።

«ትርንጎ፣ ድምፅ ብቻ እኮ ነው» አልኳት። «ከአጥር ከወጣ ወዲያ የሰማው ሰው ሁሉ ነው።»

«እሺ። እንግዲያው የእናንተን የመንዙማ ድቤ አምጣና እሱን እንቁረጠው። ለዚሁ ዘፈን።»

አባቴ ወሎ ውስጥ ድቤ ይመቱ ነበር። ከመምታታቸው በፊት ውዱእ ያደርጋሉ፤ ሲጨርሱ ድቤውን ከሰው ራስ ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል። ልጆች እንዳንነካው ነው ብዬ አስብ ነበር። በኋላ ነው ለሌላ ጨዋታ እንዳይወርድ መሆኑ የገባኝ።

«ታመጣዋለህ?» አለች።

«አላደርገውም» አልኳት።

«ኧረ? በእኔ ሲሆን ነው ድምፅ ብቻ የሆነው?» ነጠላዋን ከወንበሩ አንስታ ሄደች።

ኻሊድ ተናደደ። «አንድ ጁምዓ ነው የቀራት። ከዚህ የተሻለ ከየት ታመጣለህ?»

«ሌላ እቆርጣለሁ» አልኩት። «በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ማን ይችላል?» ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ።

በዚያ ሳምንት የማይመታ ነገር የለም ብዬ ሁሉን መታሁ። ጀሪካኑ ለቀጭኑ አፍ ይሆናል፤ ወፍራሙ የለውም። ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ወፍራም ነው፤ ግን ድምፁ ቶሎ አይሞትም፣ የሚቀጥለው ምት ጭራው ላይ ይወድቃል። የመኪናው ኮፈን ቆርቆሮነቱ ይሰማል። የተምር ካርቶን፣ የሶፋ ትራስ፣ የበረዶ ሳጥን። መሪ ይዤ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ጣቶቼ በስድስት ይቆጥራሉ። ጋደም ስል የትርንጎ ዘፈን ከሥሩ ምንም ሳይኖር ይመጣል፤ መሬት የሌለው አገር ላይ የምትሄድ ትመስለኛለች።

በሳምንቱ መሃል፣ ሲብ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ለሚገኝ አንድ የሠርግ አዳራሽ የድምፅ ማቀላቀያ ሚክሰር አደረስኩ። ስመለስ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ከአስር ሰላት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ለስልሷል፤ ውሃው ከሰማዩ አይለይም። ዓሣ አጥማጆቹ አንዲት የፋይበር ጀልባ አሸዋው ላይ ገልብጠዋታል። ሳልፍ በመዳፌ መታኋት።

ቆምኩ። ደግሜ መታኋት። መሃሏ ላይ ወፍራም፣ ክብ፣ ቶሎ የሚሞት ድምፅ። ጠርዟ ላይ በጣት ቀጭን። ሁለት አፍ አላት።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ጀልባዬ ምን አድርጋህ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ጥላ ሥር ተቀምጠው መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ።

«ምንም፣ ያ ዐሚ፣ አጎቴ። ድምፅ አላት።»

«ዕድሜ ልኬን ባሕር ይዣት ወጥቼ አንድ ቀን አላናገረችኝም። አንተን ዛሬ አናገረችህ?»

«ከፈቀዱልኝ ልቀዳት ነው፤ ለዘፈን።»

«ምን ዓይነት ዘፈን?»

«አንዲት የእኛ አገር ልጅ ትቷት በሄደ ወንድ ትስቅበታለች።»

ሽማግሌው መረቡን አስቀመጡ። «ትስቃለች? እንግዲያው ምታት። እንዳትሰነጥቃት ብቻ።»

ማይኩን በጀልባዋ ሥር በፎጣ ላይ አስተኛሁት። በአንድ ጆሮዬ ትርንጎ በስልኬ ትዘፍናለች፤ በሌላው ጀልባዋን እሰማለሁ። መታሁ። ባሕሩ በምቶቹ መካከል እየገባ ይተነፍሳል፤ ላስወጣው አልሞከርኩም። ቀስ በቀስ ሲብ ጠፋች፤ መንገዱም፣ ከጀርባዬ ያሉት ቪላዎችም ጠፉ። እጆቼ ብቻ ቀሩ፤ እነሱም የእኔ አይመስሉም፣ ከጀልባዋ ውስጥ የሚያንኳኳ ሰው ይመስላሉ። ሽማግሌው «አንዱን እኔ ልምታ» ባይሉኝ ኖሮ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ አላቆምም ነበር። መቱ። ትንሽ ዘግይተው ነው የመቱት። የዙሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ምት የሳቸው ናት፤ አላስተካከልኳትም።

በሁለተኛው ዓርብ ትርንጎ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች። ማዳመጫውን አደረገች። ፊቷ ፈታ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጀልባ።»

«ጀልባ?» ብላ ሳቀች። «ኧረ ጋሽ እንድሪስ! ጀልባ መታህ?»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ጥሩ ነው። ግን ይቸኩላል።»

«አይቸኩልም።»

«ይቸኩላል። ሰውዬው ይሄዳል እንጂ አይሮጥም።»

በፀጉር ያህል አዘገየሁት። ወፈረ፤ ለሰለሰ። ራሴም ላዘገየው ነበር፤ ቀደመችኝ እንጂ።

ማይኩ ፊት ቆመች። ኻሊድ መቅጃውን ጀመረ። ብሬኩ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ሄደ። አልዘፈነችም።

«ያኛውስ?» አለች።

«የትኛው?»

«የእኔ እጅ። እዚያ ውስጥ አለ አይደል?» ኮምፒውተሩን በአገጯ አመለከተች።

«አለ።»

«ነገ እኔ የለሁም። ድምፄን አንስታችሁ እሱ ላይ ብታስቀምጡት ማን ያያችኋል?»

ለኻሊድ ነገርኩት። ሊዋሽ አልሞከረም። «አስቀምጬዋለሁ» አለ። «ከዚህ ስቱዲዮ ከወጣው ሥራ ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። እንዴት ነው የምጥለው?»

ስለ እኔ ሥራ ነው የሚናገረው። ደረቴ ሞላ። ትርንጎ ዐረብኛውን ሰምታለች፤ ደረቴ ሲሞላም አይታለች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ የቆረጥከው አንተ ነህ፤ የምታጠፋውም አንተ ነህ። ካልሆነ ሳልዘፍን እሄዳለሁ።»

«ዘፈንሽ ይቀራል እኮ!»

«ይቅራ።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፋች።

እንደምትሄድ አውቃለሁ። ስንት ዓመት በጉልበቷ ሰው ቤት የሠራች፣ ልብስ ስትተኩስ አንድ ዘፈን ያወጣች ሴት፣ ያንን አንድ ዘፈን ትታ በሩን ልትከፍት ነው።

«ያ ኢድሪስ፣ አታድርገው» አለኝ ኻሊድ።

«ኻሊድ፣ ብሬክ ነገም እቆርጣለሁ። ይቺ ልጅ ግን ነገ የለችም።»

እሷን አየ፣ ማሽኑን አየ። «ኻላስ፣ በቃ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «አንዴ ልስማው?» አልኳት።

«አይሆንም።»

ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። ከመጠባበቂያ ዲስኩ አጠፋሁት። መቅጃዬንም ከኪሴ አውጥቼ እያየችኝ ባዶ አደረግኩት። ማሽኑ በየጊዜው እርግጠኛ ነህ ወይ እያለ ይጠይቀኛል፤ በየጊዜው አዎ እለዋለሁ። ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ ኤሲው ብቻ ቀረ።

ከዚያ ዘፈነች። ጀልባዋ ከሥሯ፣ የሲብ ባሕር በምቶቹ መካከል፣ እሷ ከላይ። ሰውዬው ሄደ፣ ሄደ፣ አካሄዱም ያስቃል። ክፍሉ ከጎማ ሱቁ ተነስቶ በቀስታ ወደ ውሃው የሚንሳፈፍ መሰለኝ፤ ኻሊድም ከመስኮቱ ሳይዞር ትከሻው በስድስት ይቆጥር ጀመር። መጨረሻ ላይ ራሷ ሳቀች። ሳቁን አልቆረጥነውም።

ቅዳሜ ኤርፖርት አደረስኳት። ዘፈኑ በስልኳ ውስጥ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሦስት ጊዜ አጫወተችውና በሦስተኛው «አሁንም ትንሽ ይቸኩላል» አለችኝ። አይቸኩልም አልኳት። ሻንጣዋን አውርጄላት ተሰነባበትን።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ብሬኮች ቆርጫለሁ፤ ወደ ቁሪያት የሚወስደውን መንገድ ድንጋይ ሳይቀር መትቻለሁ። ያጠፋሁትን የሚያህል አልወጣልኝም፤ አልጸጸትበትም። በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው፦ ድምፅ ከመቁረጣችሁ በፊት ማን እንደመታው፣ ለምን እንደመታው ጠይቁ። ከፈቀደ ቁረጡ። ካልፈቀደ ሌላ ነገር ምቱ፤ የሚመታ ነገር ሞልቷል።